በጭፈራ የሚለካው ቀሚስ

ባለፈው ዓመት ሪታየር አደረግኩ። ወረቀቱን የሞላችልኝ በቤተ ክርስቲያናችን ለትልልቅ ሰዎች ፎርም የምትሞላ አንዲት ወጣት ናት። እዚሁ አትላንታ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ የሚጣፍጥ፣ «እርስዎ» የሚባል ነገር ግን ጨርሶ የማታውቅ።

«ጋሼ፣ ሥራህ ምን ነበር? ኦኩፔሽን ይላል እዚህ ጋ» አለችኝ።

«ቆራጭ» አልኳት። «የቀሚስ ቆራጭ። የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ሰዎች የሚጨፍሩበት ቀሚስ።»

«ሲሪየስሊ? ላይክ፣ ሐበሻ ሆነህ?» ብላ ሳቀችና «ቴይለር» ብላ ጻፈች።

ተናደድኩ። ሱሪ የሚያሳጥርም ቴይለር ነው፣ ቁልፍ የሚተክልም ቴይለር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ይዤ ኖሬ በአንዲት ቃል ስታሳጥረኝ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ልጅቷ ባታነበውም ይኸው ጻፍኩት።

ስፌት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ሰፊ ሁሉ እኩል ይመስለዋል። ኧረ ወዲያ! መኪና ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰፋው ብዙ ነው፤ ቆሞ መቀስ ይዞ ጨርቁን የሚቆርጠው ግን አንድ ሰው ነው። ሰፊ ቢሳሳት ስፌቱ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። ቆራጭ ከተሳሳተ ግን ጨርቁ ሄደ፣ አበቃ። ስለዚህ ቆራጭነት በዕድሜም በልመናም አይገኝም። የቤቱ ባለቤት አምኖ መቀሱን ሲሰጥህ ብቻ ነው።

እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ መርካቶ ጋሽ ይመር ከሚባሉ ሙሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባሁ፤ በሃያ ስድስት ዓመቴ ቆራጭ ሆንኩ። ጋሽ ይመር ቁጡ ሰው ነበሩ። የተጣመመ ስፌት ካዩ ልብሱን ከመኪናው ሥር መንጭቀው «ይሄን አህያ ነው የሰፋው?» ይላሉ፣ ደንበኛ ፊት። ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን ጨርቅ እንዳላባክን ነው። ደንበኛው ካመጣው ጨርቅ ሙሉ ልብሱን አውጥቼ ለልጁ ቁምጣ የሚበቃ ቁራጭ ሳስተርፍ፣ ቁራጩን አጥፈው ለደንበኛው እያሳዩ «እጅህ ይባረክ!» ይሉኝ ነበር። በዚያ ምርቃት ነው ያደግኩት። በኋላ ጉድ የሠራኝም እሱው ነው።

አሜሪካ ስገባ ቆራጭነቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። መጀመሪያ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ አንድ ላውንደሪ ቤት ጓዳ ውስጥ የሰው ሱሪ አሳጠርኩ፤ ሦስት ዓመት። ከዚያ ሚድታውን አንድ ሆቴል ምድር ቤት ገብቼ የሠራተኛ ዩኒፎርም ጠገንኩ፤ ሰባት ዓመት። ደመወዙ ሊቶኒያ ያለውን ቤታችንን ገዝቶ ልጆች አሳድጓል፣ አላማርርም። ግን ሰባት ዓመት ቁልፍ ስትተክል እጅህ መቀሱን ይረሳል ብለህ ትፈራለህ። እኔ ፈርቼ ነበር።

ያወጣችኝ ያሚሌ ናት። ያሚሌ ያኔ ሆቴሉ ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር፤ በኋላ ፀጉር ሠሪ ሆናለች። የኮሎምቢያ ልጅ ናት፣ ከካሪቢያን ባሕር ዳርቻቸው። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል፣ ድምፅዋ ከሁላችንም ይበልጣል። አንድ ቀን የተቀደደ ዩኒፎርሟን ሰጠችኝና ቀዳዳው የት እንደነበረ ፈልጋ አጣችው።

«ታዴ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? ዶኛ ኤልሲ ጋ ልውሰድህ» አለችኝ። ዶኛ ማለት በእነሱ አገር እንደኛ እሜቴ ያለ የክብር መጠሪያ ነው።

ዶኛ ኤልሲ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ ከሐበሻ ሱቆቹ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ክፍል የስፌት ቤት ነበራቸው። አጭር ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ሲስቁ ክፍሉ ይሞላል፣ ሲቆጡም እንዲያው። በአገራቸው የባሕር ዳርቻ ከትልቁ ጾም በፊት አራት ቀን ከተማው ሁሉ እየለበሰ፣ እየጨፈረ፣ ባለሥልጣን ላይ እያሾፈ ይሰነብታል። እዚህ አትላንታ ያሉትም የአገራቸውን ጭፈራ አልተዉም። የአለባበሳቸው ሁሉ ምንጭ የዶኛ ኤልሲ ቤት ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ልንገራችሁ፤ አሁንም ያስቀኛል። ስድስት ኮትና ስድስት ሱሪ፣ ከስድስት ጭንብል ጋር ሰጡኝ። ጭንብሉ አፍንጫው ረጅም፣ ጆሮው የዝሆን ጆሮ የሚያህል ነው። ኮቶቹ ተገልብጠው ገበራቸው በውጭ፣ ክራባቶቹ ተጣመው ተሰፍተዋል። እኔ የቀድሞው ሠራተኛ ያበላሸው መሰለኝ። ሙሉ ቀን ተርትሬ ሁሉንም አቀናሁ፣ ተኮስኩ፣ ክራባቶቹን በሜትር እየለካሁ መሐል ለመሐል አደረግኳቸው። ስጨርስ አምሮ አየሁት።

ዶኛ ኤልሲ አይተው መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ታዴ! እነዚህ ሰዎች ባንክ ሊቀጠሩ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ጭንብል ለባሽ ማሪሞንዳ ይባላል። ለበዓሉ ልብስ መግዣ ያልነበረው ድሃ የገዛ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ፣ የትራስ ልብስ ፊቱ ላይ አጥልቆ፣ ክራባት ባላቸው ሹሞች ላይ ሊያሾፍ ወጣ። ቀልዱ ያለው መገልበጡ ላይ ነው። እኔ ቀልዱን ተኩሼ አጠፋሁት! እንደገና ስገለብጣቸው ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም፤ ሕሊናዬን ለማሳመን ግን ሳምንት ፈጀብኝ። ስፌት መደበቅ እንጂ ማሳየት ማን አስተምሮኝ?

ከሳቃቸው በኋላ ስሕተቴን ለማንም አላወሩብኝም። ጋሽ ይመር ቢሆኑ ከተማው ይሰማው ነበር።

ወደ ቀሚሱ ልምጣ። ኩምቢያ የሚባል ጭፈራ አላቸው። ሴቷ በቀኝ እጇ የሻማ ችቦ ትይዛለች፣ በግራዋ የቀሚሷን ጫፍ። ወንዱ ባርኔጣውን እያወዛወዘ ይዞራታል፤ እሷ በሻማውና በቀሚሱ እያራቀችው፣ ባዶ እግሯን መሬት ላይ እያንሸራተተች ትሄዳለች። ሦስት ከበሮና ከመቃ የተሠራ ዋሽንት አለ። ትንሹን ከበሮ «ጠሪው» ይሉታል፣ አንዱን ደግሞ «ደስተኛው»። ደስተኛው ሲሞቅ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ይዘረጉታል።

ያን ቀሚስ የሚቆርጡት ዶኛ ኤልሲ ብቻ ነበሩ። ጨርቁን መጀመሪያ አጥበው ይሰቅሉታል፤ «መጀመሪያ የሚያጥረውን ይጠር፣ በኋላ እንዳያጣላን» ይላሉ። ሊቆርጡ ሲሉ ጫማቸውን ያወልቃሉ። «የምትጨፍረው በባዶ እግሯ ነው፤ እኔ ጫማ አድርጌ ምን አውቃለሁ?» የሚሉት ነገር አላቸው። ሲለኩ ደግሞ ሴትዮዋን አያቆሟትም። ከበሮውን በቴፕ ይከፍቱና «ጨፍሪ» ይሏታል። ሜትሩን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዝም ብለው ያያሉ። አንድ ዘፈን ሲያልቅ ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ፣ በቃ።

ጭፈራውን የማውቀው ግን በወሬ ነበር። በዓይኔ አላየሁትም። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እኔ የጸሎት ቤት ሰው ነኝ። ሴት ዳሌዋን እያወዛወዘች ስትጨፍር ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው ብዬ ነው ያደግኩት። በዚያ ላይ አንድ ወንድም ከጉባኤ በኋላ «ወንድም ታደለ፣ አሁን የዳንስ ልብስ ሆነ እንጀራህ?» ብሎኝ ነበር። እኔም ከራሴ ጋር ተስማማሁ። እሰፋለሁ፣ አላይም። ከበሮው ሲከፈት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሽንሽን እቆጥራለሁ። ልምምዳቸው ጋ አልሄድኩም፣ ትርኢታቸው ጋ አልሄድኩም። እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት።

በስድስተኛው ዓመት ዶኛ ኤልሲ የጉልበት ኦፕሬሽን ተደረገላቸው። ሚድታውን አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሚደረግ ትርኢት አሥራ ሁለት ቀሚስ ይፈለግ ነበር። ከሆስፒታል ደወሉልኝ።

«ታዴ፣ መቀሱ መሳቢያው ውስጥ ነው። አሥራ ሁለቱንም አንተ ትቆርጣለህ። እኔ እንደማደርገው አድርግ።»

ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ለአልማዝ ደወልኩ። አልማዝ ሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ነርስ ረዳት ናት፤ ሺፍት ላይ ሆና ስልክ አታነሣም፤ ደጋግሜ ስደውል ሰው የሞተ መስሏት አነሣች። «መቀሱን ሰጡኝ!» አልኳት። «አንተ ሰው፣ ልቤን አወለቅከው!» ብላ ዘጋችብኝ።

ሴቶቹ ለልኬት መጡ። ያሚሌ እንደ ልማዷ ቀድማ ገብታ ከበሮውን ከፈተች። እኔ ሄጄ አጠፋሁት።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አልኳት።

«ዶኛ ከበሮ ከፍተው ነው የሚለኩን።»

«እኔ የምለካው በሜትር ነው፤ በከበሮ አይደለም።»

ትከሻዋን ነቅንቃ ቆመች። አሥራ ሁለቱንም እንደ ሚዜ ቀጥ አድርጌ አቁሜ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ለካሁ። ስቆርጥ ደግሞ የዶኛ ኤልሲን አሮጌ ቀሚስ ዘርግቼ አየሁት። ሁለት ሙሉ ክብ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለአንዲት ወገብ? ብክነት ነው አልኩ። አንድ ክብ ተኩል አደረግኩት፤ ቆማ ስትታይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ እንዲያውም ያምራል። ከእያንዳንዱ ቀሚስ ሁለት ያርድ አተረፍኩ። የተረፈውን አጣጥፌ፣ በሪባን አስሬ፣ ዶኛ ኤልሲ ሲመለሱ ደስ እንዲላቸው ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩላቸው። እንዴት እንደኮራሁ!

ለዚያ ትርኢት ሄድኩ። ሥራዬ ነዋ፣ የመጀመሪያ ቁርጤ ነው። ጭፈራውን ሳይሆን ቀሚሱን ነው የማየው ብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። አልማዝ ከሥራ የለበሰችውን ሳትቀይር መጥታ ጎኔ ቁጭ አለች።

ሲጀመር ጥሩ ነበር። እሳት ስለማይፈቀድ ባትሪ ያለው ሻማ ይዘው እየተንሸራተቱ ወጡ። ከዚያ ደስተኛው ከበሮ ሞቀ፤ ሴቶቹ ግራ እጃቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ነው ስሕተቴን ያየሁት። የዶኛ ኤልሲ ቀሚስ አንዱ ወገኑ ከትከሻ በላይ ተዘርግቶ ሌላው ወገን እግር ላይ ልቅ ብሎ ይወርዳል። የእኔው አንዱ ወገን ሲሳብ ሁሉም አብሮ ተሳበ። ጨርቁ ቀኝ እግራቸው ላይ ተጠመጠመ። አንዳንዶቹ ገባቸውና እጃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ጭፈራው ግማሽ ሆነ። ያሚሌ ግን እጅ ዝቅ የምታደርግ ሰው አይደለችም። ዘረጋችው፣ ዞረች፣ እግሯ ተያዘ፣ በግራ እጇ ላይ ወደቀች።

ከበሮው ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አልማዝ መድረኩ ላይ መቼ እንደወጣች አላየሁም፤ የያሚሌን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ «አታንቀሳቅሺው፣ እኔን እዪኝ» ትላታለች። አንጓዋ ተሰብሯል። ፀጉር ሠሪ ናት እኮ! ሦስት ወር መቀስም ማበጠሪያም አልያዘችም። ያን ሥራ ያገኘችልኝ ሴት ናት።

ዶኛ ኤልሲ በከዘራ ሆነው ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር አዩ። ሪባኑን ፈቱት። ጨርቁን በክንዳቸው ለኩት። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ጩኸት ቢሆን በተሻለኝ።

«ሲጨፍሩ አይተሃቸው ነው የቆረጥከው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አላየሁም።»

«በስድስት ዓመት ስንት ጊዜ አየሃቸው?»

መልስ ሳይጠብቁ መቀሱን አንሥተው ወደ መሳቢያው መለሱት። እኔም ወደ ሽንሽኔ ተመለስኩ።

ያን ሳምንት ሥራውን ልተው ወሰንኩ። ሆቴሉ ይመልሰኛል አልኩ። አልማዝ ወጥ ቤት ሆና ሰማችኝና መጣች።

«እኔ በቀን ስምንት ሰው አጥባለሁ» አለች። «ወንዱንም ሴቱንም። ነውር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ባጥብ ስንቱን በጣልኩት! አንተ ክፉ ነገር እንዳታይ ብለህ አይደለም ዓይንህን የጨፈንከው፤ ጻድቅ ለመምሰል ነው። ሴትዮዋ ግን እጇን ተሰበረች።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ብሰማ እጣላ ነበር። ከእሷ ሲሆን እውነት ነው።

ቅዳሜ ብርቱካንና ጭማቂ ይዘን ያሚሌን ልንጠይቅ ሄድን። ደጃፏ ላይ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ሰው ለይቅርታ እንዲህ ሲቆም አይታ አታውቅምና ደነገጠች። በጂፕሰሙ ትከሻዬን ገፋ አድርጋ አስገባችን፣ አስቀመጠችን። ልንወጣ ስንል ነው የተናገረችው።

«ስለ እጄ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ከልቤ። አንተ የቆረጥከውን ቀሚስ ግን ሁለተኛ አልለብስም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ዘመኔ የቀረኝ ፍላጎት አንድ ብቻ ነበር፤ ያሚሌ እኔ የቆረጥኩትን እንድትለብስ።

እሑድ ከጉባኤ በኋላ ልምምዳቸው ጋ መሄድ ጀመርኩ። ወንበር ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላብ በላብ ሆንኩ፤ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ዶኛ ኤልሲ በአጠገቤ ሲያልፉ «እጇን እይ» ይሉኛል፣ ሌላ ምንም አይሉም። እጇን አየሁ። ቀስ እያለ ይገባኝ ጀመር። ያ ቀሚስ ልብስ አይደለም፤ የሴትዮዋ ግራ ክንድ ማራዘሚያ ነው። ልኬቱ የሚጀምረው ከወገብ ሳይሆን ከተዘረጋው አንጓ ነው። ከአንጓ ወርዶ የሌላኛውን እግር ጣት እስኪነካ ድረስ ያለው ሁሉ ልቅ መሆን አለበት። ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ ዓይነት አይዘረጉም። አንዷ እስከ ጆሮዋ ነው፣ ያሚሌ እስከ ሰማይ ነው! ያን ሁሉ ጨርቅ ብክነት ያልኩት ቆመው ስላየኋቸው ነው።

ነውር ብዬ የፈራሁትን ነገር ስፈልግ ደግሞ አጣሁት። ያየሁት ኩራት ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ወንዱን በሻማ «እዚያው ሁን» የምትል ሴት። እንዲህ እያየሁ፣ ጠርዝ እየቀመቀምኩ ሦስት ዓመት አለፈ። ቤት ውስጥ በአሮጌ አንሶላ እየቆረጥኩ ተለማመድኩ። አልማዝ ወጥ ቤት ውስጥ እየለበሰች «እንዲህ ነው? እንዲህ ነው?» እያለች ትዞርልኛለች፤ ስንስቅ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

ከዚያ የዶኛ ኤልሲ ጣቶች እምቢ አሉ። ሪህ ነው። መቀሱ ከእጃቸው እየወደቀ ሲያስቸግራቸው አይቼ አላየሁም እል ነበር። በዚያው ወቅት ሚድታውን ላይ ሰልፍ እንዲወጡ ተጠሩ፤ ሃያ አራት ሴት፣ ሃያ አራት አዲስ ቀሚስ። ዶኛ ኤልሲ ሁሉንም ሰብስበው አፍ አውጥተው ተናገሩ።

«እኔ ከእንግዲህ መቁረጥ አልችልም። ወይ ታዴ ይቆርጣል፣ ወይ የፋብሪካ ቀሚስ በኦንላይን ታዛላችሁ፤ እኔም ጠረጴዛውን እሸጠዋለሁ።»

ሴቶቹ ሁሉ ያሚሌን አዩ። እሷ እኔን አየችኝ።

«አንድ ይቁረጥ» አለች። «የእኔን። እሞክረዋለሁ። ካልሆነ ኦንላይን።»

የእሷን ልኬት የወሰድኩት በዚያው ሳምንት ነው። ከበሮውን ራሴ ከፈትኩት። ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ እጄን አጣጥፌ አየኋት። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሜ ከፈትኩት። የግራ አንጓዋ ከተሰበረ ወዲህ ትንሽ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ጨርቁን በሁለት ጣት ነው የምትይዘው። ስለዚህ እዚያ ጋ ጠርዙን አቀለልኩት፣ ሽንሽኑን አሳሳሁት። ይሄን የነገረኝ የለም። አይቼ ነው።

የፈተናው ቀን ዶኛ ኤልሲ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ እኔ በሩ ጋ። ያሚሌ ለብሳ ወጣች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያች ሴት ልትጨፍር አልነበረም የመጣችው፤ ቀሚሱን ልታሸንፈው ነው! በወደቀችበት አዟዟር ጀመረች። ዘረጋች፣ ዞረች፤ ቀሚሱ ተከተላት። ፈጠነች። ጎንበስ ብላ ጫፉን እስከ ራሷ በላይ ወረወረችው፤ ጫፉ ወደ ላይ ወጣ፣ የቀረው እግሯ ላይ እንደ ውሃ ተንሸራተተ። ሆን ብላ እግሯን ወደ ጠርዙ ሰነዘረች፣ እንዲይዛት። አልያዛትም። እንደገና። አልያዛትም። ከበሮው አልቆ እሷ አላቆመችም፤ ሴቶቹ በጭብጨባ ቀጠሉላት። በመጨረሻ ላቧ እየተንጠባጠበ እፊቴ መጥታ ቆመች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ከዚያ የረዘመ ሰዓት አላውቅም።

«ሃያ ሦስቱን ቁረጥ» አለችኝ።

ዶኛ ኤልሲ መሳቢያውን በከዘራቸው አመለከቱኝ። ጫማዬን አወለቅኩ።

ሁሉም ሰው የራሱን ሰልፍ አሳምሮ ያወራል፤ እኔ ግን ምን ላድርግ፣ አምሮ ነበር! ማለዳ መኪናችንን ሩቅ ፓርክ አድርገን፣ የዶኛ ኤልሲን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋን ሚድታውን ደረስን። ማሪሞንዳዎቹ ክራባታቸውን አጣመው፣ ኮታቸውን ገልብጠው፣ እየተንጫጩ ቀደሙ። ከኋላቸው ከበሮው መጣ። ሃያ አራቱ ሴቶች መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዘው ተንሸራተቱ፣ ደስተኛው ሲሞቅ ሃያ አራት ግራ እጅ አንድ ላይ ተነሣ። መንገዱ በቀሚስ ተሞላ። አንድም እግር አልተያዘም፣ አንድም እጅ ዝቅ አላለም።

አልማዝ አላስቻላትም፤ አገር የሚያናጋ እልልታ አቀለጠችው። ሴቶቹ ከመንገዱ መሐል «ጉዌፓ!» ብለው መለሱላት፤ የባሕር ዳርቻው የደስታ ጩኸት ነው። እሷ እልል፣ እነሱ ጉዌፓ፣ እሷ እልል፣ እነሱ ጉዌፓ። ያ «የዳንስ ልብስ» ያለኝ ወንድም እንኳ ከልጆቹ ጋር ማዶ ቆሞ ሲያጨበጭብ አየሁት። ሲያየኝ አላቆመም። እኔ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ሰልፉ ካለቀ በሁለተኛው ሳምንት ዶኛ ኤልሲ ስፌት ቤት አስጠሩኝ። ያሚሌም ነበረች።

«የእኔን ቀሚስ መጀመሪያ እናቴ ቆረጠችልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ነኝ» አሉ። «ሦስተኛ ሰው አልነካውም። አሁን አንተ ቁረጥልኝ።»

«እርስዎን እኔ?» አልኩ።

«እኔን አንተ። ከበሮውን ክፈት።»

ያሚሌ ቀኝ ክንዳቸውን ደግፋ አስነሣቻቸው። ጉልበታቸው አይታዘዝም። መጀመሪያ ትከሻቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ግራ እጃቸው ተነሣ፤ ጣቶቹ ሪህ አጣሟቸዋል፣ አነሣሡ ግን የልጃገረድ ነው። ትንሽ ቆይተው እግራቸው መሬቱን ለቀቅ ሳያደርግ መንሸራተት ጀመረ፣ አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። ያሚሌ እያለቀሰች ትደግፋለች። እኔ እጄን አጣጥፌ ከራሳቸው እስከ እግራቸው አየኋቸው፤ ዓይኔን አንዴም አልነቀልኩም። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁለት ቁጥር ጻፍኩ።

ቀሚሱ በሳምንቱ አለቀ። ዶኛ ኤልሲ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው የሰፋውን ልብስ ስፒል ሳይሰኩበት፣ «እዚህ ጋ ጠበብ፣ እዚያ ጋ ላላ» ሳይሉ ለብሰው አያውቁም። ለብሰውት መስተዋት ፊት ቆሙ። ግራ ወገኑን አነሡ፣ አወረዱ። የስፒሉን ሣጥን አቀረብኩላቸው። በእጃቸው ጀርባ ገፉት።

«ምንም የሚነካ የለውም» አሉ።

ከዚህ በላይ ምርቃት ከየት ይመጣል? በማግስቱ ሥራዬን ለቀቅኩ።